ስክሪን የሌለው ራስፕቤሪ ፓይ መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ አላስገባ አለኝ

ጠያቂ (ጅማ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቆጪ አካባቢ፣ አጎቴ የቡና መጋዘን ውስጥ ሙቀትና እርጥበት የሚመዘግብ ራስፕቤሪ ፓይ 4 (ትንሽዬ ኮምፒውተር) አለ። ስክሪንም ኪቦርድም የለውም። በመጋዘኑ ዋይፋይ፣ ከላፕቶፔ በኤስኤስኤች (ከሌላ ማሽን ሆኖ በትእዛዝ መግቢያ) ነው የምገባው። ትናንት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እምቢ አለ። በ192.168.1.20 ስሞክር ዝም ብሎ ይቆይና «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» ይላል። ቀይዋ መብራት በርታለች፣ አረንጓዴዋ አልፎ አልፎ ብልጭ ትላለች። ሚሞሪ ካርዱን ፎርማት አድርጌ እንደ አዲስ ልጫንበት? የከረመ ዳታ አለበት።

የኔትወርክ ልጅ፦ ኧረ እንዳትነካው! መጀመሪያ መልእክቱን እናንብበው። «ታይምድ አውት» ማለት በዚያ አድራሻ መልስ የሚሰጥ የለም ማለት ነው። «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ቢልህ ኖሮ ማሽኑ አለ፣ ኤስኤስኤች ግን አልተነሳም እንል ነበር። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ ደግሞ ችግሩ የተጠቃሚ ስም ወይም ፓስወርድ ነው። ሦስቱ መፍትሔያቸው ለየቅል ነው፣ ሰው ግን ሁሉንም «አልሠራም» ብሎ ያልፈዋል።

አረንጓዴዋ ብልጭ ካለች ካርዱ እየተነበበ ነው። እኔ የምጠረጥረው አድራሻውን ነው። መብራት ሲመጣ ራውተሩም እንደ አዲስ ይነሳል፣ ዲኤችሲፒ (ራውተሩ ላይ አድራሻ የሚያድለው) ሌላ ቁጥር ሰጥቶት ይሆናል። ራውተሩ ውስጥ ግባና የተገናኙትን ዝርዝር እይ። የፓይ 4 ማክ አድራሻ (የማሽኑ የራሱ መለያ ቁጥር) ብዙ ጊዜ በ«ዲሲ-ኤ6-32» ወይም በ«ኢ4-5ኤፍ-01» ይጀምራል።

አባ ሽቦ፦ ፓወሩንም እይ። ቀይዋ ጠፋ በራ ካለች ቮልቴጁ ከ4.63 በታች እየወረደ ነው። የሚፈልገው 5.1 ቮልት፣ 3 አምፔር ነው። በተገኘው የስልክ ቻርጀር የሚያስነሳው ሰው ብዛት!

ሰሚራ፦ ዝርዝሩ ውስጥ ካጣኸው በኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኘው፤ በኬብል ከመጣ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው። ቲቪ ላይ ልሰካው ካልክ ማይክሮ ኤችዲኤምአይ ኬብል ነው የሚፈልገው፣ የተለመደው አይገባለትም።

ካርዱን ማውጣት ግድ ከሆነ ፓወሩን ነቅለህ አውጣ። ዊንዶውስ ላይ ስትሰካው «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቅሃል። እምቢ በለው! የሊኑክሱን ክፍል ማንበብ ስለማይችል ነው። ከምንም በፊት ዊን32 ዲስክ ኢሜጀር በሚባለው ፕሮግራም የካርዱን ሙሉ ኮፒ ያዝ። «ሪፊዩዝድ» ለሚላቸው ደግሞ፦ ካርዱ ውስጥ ቡት በሚለው ክፍል ላይ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ኤስኤስኤች የሚል ባዶ ፋይል አስቀምጡ። ኖትፓድ ከኋላው ቲኤክስቲ እንዳይጨምርበት ብቻ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ራውተሩ ላይ 192.168.1.107 ሆኖ አገኘሁት። ገባሁ፣ ዳታውም አለ። ግን መብራት ከመጣ በኋላ የተመዘገበው ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ነው። ኢንተርኔቱ ዘግይቶ ነበር የመጣው።

የኔትወርክ ልጅ፦ ፓይ 4 በባትሪ የሚሠራ ሰዓት የለውም። ሲነሳ መጨረሻ ካስቀመጠው ሰዓት ይቀጥላል፣ ትክክለኛውን ከኢንተርኔት እስኪያገኝ። የእርጥበት መዝገብ ስለሆነ ዲኤስ3231 የሚባለውን የሰዓት ሞጁል ግጠምለት። አድራሻውን ደግሞ ራውተሩ ላይ ለማክ ቁጥሩ ሪዘርቭ አድርገው፣ ሁሌ ያው ቁጥር ይሰጠዋል።

አባ ሽቦ፦ ቀይዋስ? ጠፋ በራ ትላለች ወይ?

ጠያቂ፦ አልፎ አልፎ፣ አዎ።

አባ ሽቦ፦ በል ቻርጀሩን ቀይር።