በጀርመን ሁለተኛ ዲግሪ፦ የዝግ ሒሳቡን ገንዘብ እንዴት አሟላችሁ?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦ ከፖሊ ግቢ በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ ከአንድ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ቅበላ አግኝቻለሁ። ትምህርቱ ክፍያ የለውም ቢባልም፣ ለቪዛ በዝግ ሒሳብ (ሙሉውን በአንዴ ማውጣት በማይቻልበት የባንክ ሒሳብ) መቀመጥ ያለበት 11,904 ዩሮ አስጨንቆኛልና እዚያ የተማራችሁ ብትመክሩኝ።

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት። ገንዘቡ የራስዎ ሆኖ ይቆያል፤ ከደረሱ በኋላ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅልዎታል። ሙኒክን በመሰለ ከተማ ግን አብዛኛውን የቤት ኪራይ ይወስደዋል። እኔ የተማሪዎች ማደሪያ ተራዬ እስኪደርስ ድረስ የጎንደር ልጅ በሆነ ጓደኛዬ ክፍል ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግቼ ከርሜያለሁ።

ሌላ መልስ፦ በዓመት 140 ሙሉ ቀን መሥራት ቢፈቀድም፣ ቋንቋውን ለማይችል ሰው በአብዛኛው የሚገኘው የመጋዘን ሥራ ስለሆነና እሱም ከፈተና ወቅት ጋር ስለሚጋጭ፣ በዚያ ተማምነው እንዳይሄዱ። ዩኒቨርሲቲው ባደን ቩርተምበርግ በተባለው የጀርመን ክፍለ ግዛት ከሆነ ደግሞ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ ለትምህርት በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላልና አስቀድመው ያጣሩ።