የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ላይቭ ሮክ፦ ልጣለው ወይስ ይድናል?

የሳቢያን ልጅ (ድሬዳዋ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። የጨው ውሃ አኳሪየም የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ።

ጅቡቲ የሚሠራ ዘመዴ፣ አኳሪየሙን አፍርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ሰው ላይቭ ሮክ (ባክቴሪያና ትናንሽ እንስሳት የሚኖሩበት የባሕር ድንጋይ) አገኘልኝ። ወረቀቱን አስጨርሶ፣ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በበረዶ ሳጥን ላከው። መኪናው ግን ደወሌ አደረ። የዚያን መንገድ ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሳጥኑን ስከፍተው ሽታው ወደ ኋላ ገፈተረኝ። የበሰበሰ እንቁላልና የከረመ ዓሣ ባንድ ላይ።

አሁን ጓሮ በርሜል ውስጥ፣ በጨው ውሃ ነክሬዋለሁ። ውሃው ደፍርሷል፣ ላዩ አረፋ ይዟል። ትልቁ ድንጋይ ስንጥቁ ውስጥ ጥቁር፣ የሚያሟልጭ ነገር አለ፤ በላዩም ነጭ ድር የመሰለ ነገር ለብሷል። የቀረው ግን ሐምራዊ ቀለሙን እንደያዘ ነው። ልጥለው ስል ልቤ እምቢ ያለኝ ለዚህ ነው። አከራዬ እማማ «ግቢ ውስጥ የሞተ ነገር አለ፣ ፈልጉ» እያሉ ነው። ጎረቤትም በዚህ ሙቀት መስኮት ዘግቶ ተቀምጧል። ምን ትሉኛላችሁ?

ጀጎል በር (ሐረር)፦

አቦ አትጨነቅ። ትልቅ ድስት ጣድና ቀቅለው። ካልሆነ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ሽታው ወዲያው ይጠፋል። እኔ የዓሣ ገንዳዬን ድንጋዮች እንደዚያ ነው የማጸዳው።

የለገሀሬዋ (ድሬዳዋ)፦

ወንድሜ፣ በፈጠረህ እንዳትቀቅለው! የሐረሩ ወንድማችን በቅንነት ነው የተናገረው፤ ለወንዝ ድንጋይ ያስኬዳል። ይሄ ግን ከባሕር የመጣ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ ላይ ዞአንቲድ የሚባሉ፣ አበባ የሚመስሉ ትናንሽ እንስሳት ይበቅላሉ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። ሲቀቀል በእንፋሎቱ ወደ ሳንባ ይገባል፣ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። በ2018 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር አንድ ቤተሰብ ከአኳሪየሙ ያወጣውን ኮራል ሲያጸዳ በዚሁ መርዝ ታሞ ሆስፒታል ገብቷል። ግቢው ውስጥ ሕፃናትም አዛውንትም አሉ፣ እባክህ።

በረኪናም አይሆንም። ድንጋዩ ላይ የሚበሰብሰው ነገር አሁን አሞኒያ የሚባል መርዛማ ጋዝ እያወጣ ነው። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይፈጥራል። ደግሞ ድንጋዩን ላይቭ ሮክ ያሰኙትን ባክቴሪያዎች ጠራርጎ ይገድላቸዋል።

አሁን ወደ ሽታው። ድንጋዩ ራሱ አይሸትም፤ ድሮ ከሞተ ኮራል የተሠራ ኖራ ነው። የሚሸተው በመንገድ ላይ የሞተው ነዋሪ ነው፦ ስፖንጅ፣ ትል፣ ቀንድ አውጣ። እኔ ጅቡቲ ሆቴል ውስጥ ትልቅ አኳሪየም እንከባከብ ነበር። ድንጋይ በመጣ ቁጥር ያየሁት አንድ ነገር ነው፤ ሽታው ከሁሉም ድንጋይ አይመጣም፣ ከአንዲት ከበሰበሰች ቦታ ነው። ያ ጥቁሩ አየር ያጣ ሥጋ ነው። እንቁላል እንቁላል የሚለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከዚያ ይወጣል። ስለዚህ ሥራውን ደጅ ሥራው፣ ክፍል ውስጥ አታስገባው።

ጓንት አድርግ፣ ዓይንህንም በመነጽር ሸፍን። ሌላ ባልዲ ላይ ንጹሕ የጨው ውሃ አዘጋጅና ድንጋዩን ከውሃው ሳታወጣ ሥራው፣ እንዳይረጭብህ። ጥቁሩን በወረንጦ ጎትተህ አውጣ፣ ነጩን ድር በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትገው። አበባ የሚመስል ነገር ካየህ ብሩሹን አታስጠጋው። ሐምራዊውንም አትንካ፤ እሱ ድንጋይ ላይ የሚለጠፍ አልጌ ነው፣ በሕይወት አለ። ድንጋዩን የቧንቧ ውሃ እንዳይነካው። ክሎሪኑ ባይጎዳው እንኳ ጨው አልባው ውሃ ይገድለዋል። ስትጨርስ የበርሜሉን ውሃ ሙሉ በሙሉ ድፋውና በአዲስ የጨው ውሃ ሙላው።

ከዚያ ድንጋዮቹን ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ላይ ደርድርና ጠንካራ ፓምፕ አስገባ። ውሃው ሲገላበጥ በዓይንህ ማየት አለብህ። የውጭ አገር ሰዎች «ማሞቂያ ግዛ» ይሉሃል። የድሬ ችግር ተቃራኒው ነው! ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅን ይቀንሳል፣ መበስበሱ ደግሞ ይፈጥናል። ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ለማቆየት ሞክር። በርሜሉን ጥላ ሥር አድርገው፣ ቬንትሌተር በውሃው ላይ ይንፈስ፣ ቀትር ላይ የቀዘቀዘ ሃይላንድ ጣልበት። በትነት የጎደለውን ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ሙላ፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው እዚያው ይቀራል።

የሳቢያን ልጅ፦

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ዛሬ ጠዋት ሠራሁት። ጥቁሩ ቡጢ የሚያህል ስፖንጅ ነው። ስጎትተው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተቀደደ፣ ውሃው ባንዴ ቀለም ሆነ። ከሥሩ ጎንና ጎኑ ነጫጭ ፀጉር ያለው፣ ወደ ቀይ የሚያደላ ትል ወጥቶ ወደ ሌላ ቀዳዳ ገባ። ሽታው ቀንሷል፣ ግን አለ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። የአኳሪየም ጨው ውድ ነው፤ የአፍዴራ ጨው አይሆንም? መብራት ሲጠፋስ?

የኬሚስትሪ መምህር (ሐረር)፦

የወጥ ጨው አይሆንም። እሱ ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፣ አዮዲንም ተጨምሮበታል። የባሕር ውሃ ግን ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ሰልፌትም አለው። ያለ እነሱ ሐምራዊው አልጌ አይቆይም። ለአንድ ሊትር ወደ 35 ግራም የአኳሪየም ጨው አስብ፣ የጨው መለኪያው 1.025 አካባቢ ሲያሳይ ልክ ነው።

የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ምን እንደሚጋግር የምታውቀው ነው። ለባሕር ነገር ግን ኖራው ያን ያህል ጠላት አይደለም። የሚያሳስበው ክሎሪንና ናይትሬት ነው። በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በጣም ስስ በሆነ ማጣሪያ ገፍቶ በሚያጣራ መሣሪያ) የተጣራ ውሃ ካገኘህ ጨዉን በሱ በጥብጥ።

የለገሀሬዋ፦

መምህር ልክ ብለዋል። ጨው ለመቆጠብ ከፈለግህ ውሃ የምትቀይረው የአሞኒያ መለኪያው ሲነግርህ ይሁን። አሞኒያ ከፍ ሲል ግማሹን ቀይር።

መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አንድ ይኑርህ። ከሌለህ በጆግ እየቀዳህ ከፍ አድርገህ መልሰህ አፍስስ። ያደክማል፣ ግን ይሠራል።

ትሉ በመኖሩ ደስ ይበልህ! ብዙዎቹ እንደሱ ያሉት የሞተውን ይበላሉ፣ ያጸዱልሃል። በባዶ እጅህ ብቻ አትንካው፣ ፀጉሩ ቆዳ ውስጥ ይሰበራል።

ዓሣ ለማስገባት አትቸኩል። ድንጋዩ እስኪጠራ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፣ ያንተ መንገድ ላይ ስለተጎዳ ወደ ረጅሙ ቢያደላ አይግረምህ። መጀመሪያ አሞኒያ ይወጣል፣ ከዚያ ባክቴሪያዎቹ ሲለውጡት ናይትራይት፣ በመጨረሻ ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ይቀራል። ዜሮ ካየህ በኋላ ውሃ ሳትቀይር ጥቂት ቀን ቆይተህ ደግመህ ለካ። አሁንም ዜሮ ከሆነ፣ አንስተህ ስታሸተውም ባሕር ባሕር ካለ፣ ወደ አኳሪየሙ አስገባው።

ትልቁ ድንጋይ ነገም ከሸተተ ለብቻው በሌላ ባልዲ አድርገው፣ ውስጡ የቀረ ነገር አለ ማለት ነው፣ ደህናዎቹን እንዳይበክል። ለእማማ ደግሞ ምን እንደሆነ ሄደህ ንገራቸው፤ ሳያውቁ ነው የሚጨነቁት። በርሜሉን ዝንብ እንዳይገባ በወንፊት ጨርቅ ሸፍነው። ክዳን ግን እንዳትገጥምበት፣ አየር ያስፈልገዋል።