ማስኩ "የጎብኚ ነው" ተባልን

ጀማው ሰላም። ድሬ ውስጥ፣ ስሙን የማልጠራው ሲሚንቶ ፋብሪካ፣ ማሸጊያ ክፍል ነው የምሠራው። ከሰዓት አቧራው ከላብ ጋር ፊት ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። በሳምንት አንድ ማስክ ይሰጠናል፣ ያቺ የኮሮና ጊዜዋ ስስ ማስክ። ሰኞ ነጭ ናት፣ ረቡዕ ግራጫ፣ አርብ ገልብጠን እናደርጋታለን። ባለፈው ሥራ አስኪያጁ እንግዳ ይዞ መጣ። ሁሉም አዲስ ሄልሜት፣ ባለማጣሪያ ማስክ፣ ሴፍቲ ጫማ ሳይቀር። አስር ደቂቃ ቆሙ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ወደ ኤሲያቸው ተመለሱ። ማስኩን በር ላይ ካርቶን ውስጥ ጥለውት ሄዱ። አንዱ ልጅ ሊያነሳ ሲል ስቶር ኪፐሩ "የጎብኚ ነው" ብሎ ነጠቀው። አቦ የእነሱ ሳንባ ከምንድነው የተሠራው? ብጠይቅ ያባርሩኛል? ኮንትራት ነኝ፣ ሁለት ልጅ አለኝ።

የመጋላ ልጅ፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁን፣ 1156/2011ን፣ አንቀጽ 92ን አንብበው። መከላከያ ማቅረብና አጠቃቀሙን ማሳየት የአሠሪው ግዴታ ነው፣ ኮንትራት ብትሆንም መብትህ ነው። የሚገርመው የሥራ መሪ እዚህ አዋጅ ውስጥ አይገባም፣ አንቀጽ 3 ያወጣዋል። ሕጉ ለአንተ ተጻፈ፣ ማስኩ ለእሱ ደረሰ 😂 ብቻህን አትጠይቅ። በጽሑፍ አድርጉት፣ ኮፒ ያዙ። ሳል ካለህ ሐኪም ቤት ስትሄድ ምን እንደምትሠራ ተናገር፣ በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ነው የሚቆጠረው።

ከዚራ02፦ እኔ ሴፍቲ ኦፊሰር ነበርኩ፣ ስደቡኝ ግን ልናገር። ጓንት ግዢ ስጠይቅ "ባለፈው ወር ተገዝቶ የለ እንዴ?" ነበር መልሱ። ኢንስፔክተር ይመጣል ሲባል ግን በአንድ ቀን ይገዛል። ደግሞ እውነቱን እናውራ፣ ሠራተኛውም ያወልቃል። በሰኔ ሙቀት ማን ይችላል?

ጠያቂው፦ እሺ ወንድሜ፣ እናወልቃለን። ኤሲ ውስጥ ብንሆን አናወልቅም ነበር። መጀመሪያ የሚሆነውን ስጡን፣ ትንሽ አየር የምንወስድበት እረፍትም ጨምሩ፣ ከዚያ ያወለቀውን ቅጡት።

ስፌት ቤት፦ እኛ ጋ ደግሞ የአደጋ ጊዜ መውጫው በቁልፍ ነው። ልብስ እንዳይሰረቅ ተብሎ። ከሁለት መቶ በላይ ሴቶች ነን። የአለቆቹ ቢሮ ከዋናው በር አጠገብ ስለሆነ ነገሩ እንቅልፍ አይነሳቸውም።

ጫኝ አውራጅ፦ እናንተ ማስክ ትላላችሁ። እኔ በቀን ሥራ 50 ኪሎ ከረጢት በአንገቴ ነው የማወርደው። ሲሚንቶ ላብ ሲያገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል፣ አንገቴ ላይ ያለውን ጠባሳ ሚስቴ እስካሁን የጋለ ነገር የነካኝ ነው የሚመስላት። ከማን ልጠይቅ? አለቃዬ ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም፣ ከፒካፑ ወርዶ አያውቅም።

የመጋላ ልጅ፦ የአንተ ከሁላችንም የባሰ ነው ወላሂ። ቢያንስ በንጹህ ውሃ ቶሎ ታጠበው፣ አንገትህ ላይ ወፍራም ጨርቅ አድርግ። ላብ የነካውን ጨርቅ ግን ደጋግመህ አታድርግ።

ጠያቂው፦ ዛሬ ወረቀቱን አስገባን። ዘጠኝ ሰው ፈረመ። ማን እንደጀመረው እንዳይታወቅ ስማችንን ዙሪያውን በክብ ነው የጻፍነው። ጸሐፊዋ አንብባ ዝም አለች፣ ከዚያ ኮፒው ላይ ማህተም መታችልኝ። ስወጣ "እኔም ወንድም አለኝ እዚያ" አለችኝ።