የራግቢ ሊግ 7 ቁጥር ለመሆን ከምን ይጀመራል?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። እዚህ ጎንደር አንድ የ16 ዓመት ልጅ የራግቢ ሊግ (ኳስ በእጅ ይዞ እየሮጡ የሚጫወቱት ስፖርት) ሃፍባክ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራው 7 ቁጥር፣ መሆን ይፈልጋል። ሩጫው ፈጣን ነው። ምን ይለማመድ?

ከአዘዞ፦ ሩጫው ይቆየው፤ ሃፍባክ የሚለካው ኳስን በእግር በመምታቱ ነው። የቡድኑ ኳስ ያዥ 6 ጊዜ በተጋጣሚ ተይዞ ከተጣለ ኳሷ ለተጋጣሚ ስለምትሰጥ፣ ከ5ኛው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ መምታት የሱ ሥራ ነው። 40/20 የሚባለውን ምት ያጥና፦ ከራሱ 40 ሜትር መስመር ጀርባ ይመታል፤ ኳሷ ሜዳ ውስጥ ነጥራ በተጋጣሚው 20 ሜትር ክልል በጎን ከወጣች ለራሱ ቡድን ትመለሳለች። ሳትነጥር ከወጣች ግን ከመታበት ቦታ ለተጋጣሚ ትሰጣለች። ጀማሪ የሚሳሳተው ኳሷን ወደ ላይ ወርውሮ ሲመታ ነው። ከወገብ ከፍታ በቀስታ ይልቀቃት። ደግሞ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ እዚህ የምትርቅ ምት ባሕር ጠረፍ ላይ ባለችው ሲድኒ ታጥራለች።

ማራኪ፦ መከላከሉንስ? የተጋጣሚ ግዙፎች ሆን ብለው ወደ 7 ቁጥር ነው የሚሮጡት። ሯጩን ይዞ ሲጥል ጭንቅላቱ ከሯጩ ፊት ሳይሆን ከጎኑ ይሁን። አውስትራሊያዊውን ሃፍባክ አንድሩ ጆንስን የሚያህል ተጫዋች በ2007 እ.ኤ.አ. ጫማውን የሰቀለው በአንገት ጉዳት ነው።

ከአዘዞ፦ ልክ ነህ። ኳሷን መሬት አንጥሮ በግብ ቋሚዎቹ መካከል የሚያሳልፍባትን ባለ 1 ነጥብ ምትም አይርሳ፤ ሃፍባኩ ጆናታን ተርስተን የ2015 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ ሊግ (NRL) ፍጻሜን በጭማሪ ሰዓት 17 ለ 16 የጨረሰው በሷ ነው።