ጥቆማ፦ በአነስተኛ በጀት ጌም ለመሥራት የሚሆን ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ ገበያ

ጌም መሥራት መጀመር የሚፈልጉ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡት ጥያቄ «የትኛውን ላፕቶፕ ልግዛ?» የሚል ነው። እኔ ደግሞ መልስ ከመስጠቴ በፊት በየትኛው ኢንጂን (ጌም መሥሪያ ፕሮግራም) እንደሚሠሩና ጌሙ በምን ላይ እንደሚጫወት እጠይቃለሁ፤ ለጎዶት ከበቂ በላይ የሆነ ማሽን ለአንሪል ኢንጂን 5 የማይበቃ ሊሆን ይችላልና። ጎዶት ነጻ ነው፤ ኢንጂኑ ራሱ ሲወርድ ከ200 ሜጋባይት አይበልጥም፤ 8 ጊጋ ራም (ፕሮግራም ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ባለው የቢሮ ላፕቶፕም ይሠራል። ዩኒቲም ዓመታዊ ገቢያቸው ከ200,000 ዶላር በታች ለሆነ ሰዎች በነጻ ይሰጣል፤ ሆኖም ለአንድሮይድ የሚያስፈልጉት ክፍሎች ሲጨመሩበት ዲስኩን በብዙ ጊጋባይት ስለሚሞላ 16 ጊጋ ራምና ሰፋ ያለ ኤስኤስዲ (ፈጣን የፋይል ማከማቻ) ያስፈልገዋል። አንሪል ግን በአስር የሚቆጠር ጊጋባይት ማውረድን የሚጠይቅ ሲሆን፣ አዘጋጁ ኤፒክ የሚመክረው 32 ጊጋ ራምና 8 ጊጋ ሚሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ ነው። በሞባይል የኢንተርኔት ጥቅል ለሚሠራ ተማሪ ይህ ከማሽኑ ዋጋ ባልተናነሰ ሊታሰብበት ይገባል።

አገር ውስጥ ያለው ተጫዋች በአብዛኛው የሚጫወተው በአንድሮይድ ስልክ ነው። የአገራችን ጌም ሠሪ ድርጅት የቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ም የተሠራው ለስልክ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው በጎዶት ወይም በዩኒቲ ሠርቶ በራሱ ስልክ ላይ እንዲሞክር ነው፤ ስልኩን በኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር ማገናኘት ስለሚቻል ራም የሚበላውን የአንድሮይድ ኢሙሌተር (ስልክን በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) መክፈት አያስፈልግም።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የመጀመሪያ ምርጫዬ ያገለገለ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ነው። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሲሆን፣ በስምንተኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ባለ አራት ኮር (የማስላት ክፍል) ፕሮሰሰር የሚመጣውን መፈለግ ነው። ሁለት የራም ማስገቢያ ስላለው ዛሬ በ8 ጊጋ ገዝቶ ገንዘብ ሲገኝ ወደ 16 ወይም ወደ 32 ማሳደግ ይቻላል። ከሁሉ በላይ የምወድለት ግን ባትሪውን ነው። አንዱ ባትሪ ውስጥ ሆኖ ሌላው ከሥር የሚነቀል በመሆኑ፣ ውስጠኛው እየሠራ ውጪኛውን ነቅሎ በሌላ መተካት ይቻላል፤ ማሽኑን ማጥፋት አያስፈልግም። ፕሮጀክት እየተጻፈ መብራት ጠፍቶ ፋይል የተበላሸበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በስም የሚመሳሰለው ቲ480ኤስ ቀጠን ያለና የሚያምር ነው፤ ነገር ግን ከራሙ ከፊሉ በቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ ከውጪ የሚነቀል ባትሪም የለውም። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት ፊደል ስለሆነች ማሽኑ ላይ የተጻፈውን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል።

ሻጮች «ኮር አይ ሰቨን ነው» ሲሉ ብዙ ገዢ ይረካል። ሊታይ የሚገባው ግን ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። አይ7-4600ዩ አራተኛ ጄኔሬሽንና ባለ ሁለት ኮር ሲሆን፣ አይ5-8350ዩ ስምንተኛ ጄኔሬሽንና ባለ አራት ኮር ነው፤ በ«አይ5»ነቱ የተናቀው ሁለተኛው በግልጽ ይበልጠዋል። ከዚህም ሌላ የጎዶት 4 ዋናው የሥዕል ዘዴ ቩልካን ወይም ዳይሬክት3ዲ 12 የተባሉትን የግራፊክስ ሥርዓቶች ስለሚፈልግ፣ በዊንዶውስ የኢንቴል ውስጠ ግራፊክስ ከስድስተኛ ጄኔሬሽን በታች ከሆነ የሚቀረው ቀለል ያለው ዘዴ ብቻ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ያለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ በይፋ አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በኦክቶበር 2025 አብቅቷል። በዊንዶውስ ፈንታ ነጻውን ሊኑክስን ለሚመርጥ ጎዶትም፣ የ3ዲ ሥዕል መሥሪያው ብሌንደርም በነጻ ይሠሩለታል።

የግድ አንሪል ለሚሉ ዴስክቶፕ ይሻላል። እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ዋጋው ስለተስማማኝ ብቻ ቀጭን የቢሮ ዴስክቶፕ ገዛሁ፤ ከሳምንት በኋላ ከሌላ ሱቅ ግራፊክስ ካርድ ገዝቼ ስመለስ ካርዱ ከሳጥኑ በሁለት ጣት ያህል ረዝሞ አልገባ አለኝ። ለምን ዓይነት ሳጥን እንደሆነ እኔም አልነገርኩት፣ ሻጩም አልጠየቀኝም፤ ካርዱንም በኪሳራ ሸጥኩት። ቀጭን ሳጥን የሚቀበለው «ሎው ፕሮፋይል» የሚባለውን አጭር ካርድ ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ገመድም ስለሌለው ከ75 ዋት የማይበልጥ፣ ለምሳሌ አጭሩን ጂቲኤክስ 1650፣ መፈለግ ግድ ይሆናል። እንደ ኤችፒ ዜድ440 ያለ ያገለገለ ወርክስቴሽን (ለከባድ ሥራ የተሠራ ዴስክቶፕ) ግን 700 ዋት ፓወር ሰፕላይ (ኃይል ሰጪ ክፍል) እና ስምንት የራም ማስገቢያ ስላለው ትልቁን ካርድ ይሸከማል፤ ፕሮሰሰሩ በዊንዶውስ 11 ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩን ግን አውቆ መግዛት ነው።

ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ሲገዛ ከሶኬት በፊት ጀርባው ይታይ። በአንዳንዶቹ ፓወር ሰፕላይ ላይ 115 እና 230 የተጻፈባት ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለች፤ በ115 ላይ እንዳለች በእኛ 220 ቮልት ከተሰካች ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይቃጠላል። የላፕቶፕ ቻርጀሮች በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ስለሚቀበሉ ዘመድ ከውጭ ሲያመጣ ይህ ስጋት የለባቸውም።

የት ይገዛ? በቦሌ ሕንጻዎች ውስጥ ያሉ ሱቆች ወደድ ቢሉም ደረሰኝና የተወሰነ የዋስትና ጊዜ መጠየቅ ይቻላል። መርካቶ ምርጫው ይሰፋል፤ ራምና ኤስኤስዲ ለመጨመርም የምሄደው እዚያ ነው። የቴሌግራም ሻጮች ዋጋቸው ይስባል፤ ነገር ግን ዕቃው ሳይታይ ቀብድ መላክን በምንም ምክንያት አልመክርም። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ ሦስት ሱቅ በአንድ ቀን ጠይቆ ማነጻጸር ካለፈው ወር ዋጋ ጋር ከመከራከር ይሻላል።

ሱቅ ስሄድ ጎዶትንና ብሌንደርን በፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ፤ ሁለቱም ሳይጫኑ ይከፈታሉ። ቻርጀሩን ነቅዬ ብሌንደር ላይ ማሽኑ አንድ ሥዕል አስልቶ እንዲሠራ (ሬንደር እንዲያደርግ) አዝዤ ግማሽ ሰዓት እቆያለሁ፤ ባትሪው የሚያልቅ፣ ከሙቀት የተነሳ የሚጠፋ ወይም ፋኑ የሚጮህ ከሆነ በዚያ ጊዜ ይታወቃል። ግራፊክስ ካርድ ከሆነ የካርዱን ማንነት በሚያሳየው ጂፒዩ-ዚ በተባለ ፕሮግራም አያለሁ፤ በአሮጌ ቺፕ ላይ የአዲስ ስም የተጫነባቸው ሐሰተኛ ካርዶች ስላሉ ፕሮግራሙ ብዙዎቹን ለይቶ ይናገራል። ይህን ለመሞከር ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ካጋጠመ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ትቶ መውጣት ነው።

ዴስክቶፕ የመረጠ ሰው ከካርዱ በፊት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ያለው መሣሪያ) ይግዛ። ትንሹ ባለ 650 ቪኤ እንኳ ሥራን አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቁ ደቂቃዎች ይሰጣል፤ ያገለገለ ከሆነ ግን ባትሪው አዲስ መሆኑን ሶኬቱን ነቅሎ ማረጋገጥ ይገባል።