ልጄ «ኦቲዝም፣ ደረጃ 2» ተባለ፤ ቁጥሩ ምን ማለት ነው?

ጥያቄ (ግራ የገባት እናት)

ሰላም ናችሁ? ልጄ 4 ዓመቱ ነው። በቅርቡ «ኦቲዝም፣ ደረጃ 2» የሚል ወረቀት ሰጡን። ደም አልተወሰደ፣ ራጅ አልተነሳ። እኛን ብዙ ጠየቁን፣ እሱን አጫወቱት፣ በቃ። ባለቤቴ «ፊደሉን በሙሉ የለየ ልጅ እንዴት 2 ይባላል?» ይላል። አማቴ ደግሞ «አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው፣ ተዉት» ይላሉ። ልጁ ውሃ ሲያምረው አይጠይቅም፤ እጄን ይዞ ይጎትተኝና ጠርሙሱ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ፊቴን ግን አያየኝም። የዘመዳችን ልጅ ደረጃ 1 ነው የተባለው፣ ግን ትምህርት ቤት መዋል አቅቶት ቤት ቀርቷል። ታዲያ ቁጥሩ የሚለካው ምኑን ነው?

መልስ (የንግግር ቴራፒስት)

አልሸወዷችሁም። ኦቲዝም በደምም በራጅም አይታወቅም፤ የሚለየው ባህርይ ታይቶ፣ የልጁ አስተዳደግ ተጠይቆ ነው። ደረጃ 1፣ 2፣ 3 የሚለው ከአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ የመጣ ነው፣ በፈረንጆቹ 2013 ከወጣው ዲኤስኤም-5። እሱ ሁለት ነገር ያያል። አንደኛው ከሰው ጋር መግባባት ነው፦ ጨዋታና ወሬ መቀባበል፣ በዓይንና በእጅ ምልክት መናገር፣ ጓደኛ መያዝ። በሦስቱም ላይ ችግር መታየት አለበት። ሁለተኛው ድግግሞሽ ነው፤ አንድ እንቅስቃሴ ወይም ቃል መደጋገም፣ ለውጥ አለመውደድ፣ በአንድ ነገር ከልክ በላይ መመሰጥ፣ ድምፅ ወይም ንክኪ ከሌላው ሰው በተለየ መሰማቱ። ከነዚህ ቢያንስ ሁለቱ።

ቁጥሩ የሚነግርሽ ልጁ ምን ያህል ድጋፍ እንደሚፈልግ ነው፣ ጉብዝናውን አይደለም። 1 ድጋፍ፣ 2 ከፍ ያለ ድጋፍ፣ 3 እጅግ ከፍተኛ ድጋፍ። ደግሞ ለሁለቱ ክፍሎች ለየብቻ ነው የሚሰጠው! ወረቀቱ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ካለ ተመለሺና «በየትኛው ነው 2?» በያቸው። የመስማት ምርመራ ካልተደረገለትም አስደርጊ። ለባለቤትሽ፦ ፊደል መለየቱ ደስ ይላል፣ ግን ለኔ የጠርሙሱ ነገር የበለጠ ይናገራል።

መልስ (አንድ አባል)

ስልክ ከልክሉት፣ ይተወዋል። ከክትባት ነው የሚመጣ የሚሉም አሉ።

መልስ (የሁለት ልጆች አባት)

ወንድሜ፣ እባክህ የክትባቱን ወሬ ተወው። ወሬውን ያስነሳውን የ1998 ጽሑፍ ያወጣው መጽሔት ራሱ 2010 ላይ ሰርዞታል (ሁለቱም በፈረንጆቹ ነው)፤ ዋናው ጸሐፊም የሕክምና ፈቃዱን ተነጥቋል። ስልክ መቀነስ ጥሩ ነው፣ ስልክ ስለተቀማ ግን ኦቲዝም አይጠፋም።

እህቴ፣ የኔ ልጅ 3 ነው የተባለችው። ዛሬም በአፏ አታወራም፣ በሥዕል ካርድ ግን የምትፈልገውንም የማትፈልገውንም ታሳየናለች (የማትፈልገው ይበዛል)። ቁጥሩ ላይ ከቤተሰብ ጋር መከራከር ጉልበት ይጨርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት አዲሱ መመሪያ፣ በፈረንጆቹ 2022 ሥራ ላይ የዋለው፣ ጭራሽ እነዚህን ቁጥሮች አይጠቀምም። ልጁ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት ወይ፣ ቋንቋ ምን ያህል ይጠቀማል፣ እሱን ነው የሚለየው። አንቺም እሱን ጠይቂ።

መልስ (ደረጃ 1 የተባልኩ)

ስለ ዘመዳችሁ ልጅ ልናገር። እኔ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ «ያንተማ ቀላሉ ነው» ይለኛል። ስብሰባ ላይ የሰው ዓይን ማየት ተለማምጃለሁ፣ አያለሁም፣ ግን እሱ ላይ ሳተኩር የተባለው ያመልጠኛል፤ ማታ መብራት አጥፍቼ ማንንም ሳላናግር ካልተቀመጥኩ በነጋታው ሰው አልሆንም። ልጁ አጥርቶ ያወራ ይሆናል፣ የክፍሉ ጫጫታ ግን አላስቀምጥ ብሎት ሊሆን ይችላል። ሴት ልጆች ደግሞ ሌላውን ልጅ እየመሰሉ ስለሚያልፉ ብዙ ጊዜ ዘግይተው ነው የሚታወቁት።

ጠያቂዋ

ኧረ ተባረኩ። አንድ ነገር ብቻ፤ 2 እንደሆነ ይቀራል? ሌላ ባለሙያ እስኪያየው ልጠብቅስ?

መልስ (የንግግር ቴራፒስት)

ቁጥሩ ቋሚ አይደለም፤ ከዕድሜውና ከሚያገኘው ድጋፍ ጋር ሊለወጥ ይችላል፣ ዝቅም ከፍም ሊል ይችላል። ሌላ ባለሙያ ማሳየት መብትሽ ነው፣ ቤት ውስጥ ሲጫወት በስልክሽ ቀርፀሽ ይዘሽ ሂጂ። ግን እስከዚያ አትጠብቂ። ከጠርሙሱ ጀምሪ። የጠርሙሱን ፎቶ አትሚና በእጁ ልክ በር ላይ ለጥፊው። እጅሽን ሲይዝ ወደ ፎቶው ውሰጂው፣ ጣቱን አስነኪው፣ «ውሃ» በይ፣ ወዲያው ስጪው። ካልተናገርክ አልሰጥም እያልሽ ግን እንዳታስጠሚው።