ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ክርርር ይላል፤ የግድ መቀየር አለበት?

ጥያቄ (ከሐዋሳ)
ሰላም ለሁላችሁም። የምነዳው የአባቴን አሮጌ ኮሮላ ነው። ማኑዋል ነው፣ ባለ አራት ሲሊንደር። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ቁልፍ ሳዞር ክርርር የሚል ድምፅ ያሰማል። ብረት በብረት ሲፋቅ ዓይነት ነው፣ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሞተሩ አይዞርም። ሁለት ሦስቴ ስሞክር ድንገት ይነሳል። አንዳንድ ቀን ደግሞ በመጀመሪያው ቀጥ ብሎ ይነሳል። ትናንት ልጆቼን ከትምህርት ቤት ላመጣ ስል እምቢ አለኝ። መንገደኛ ለምኜ በግፊት አስነሳሁት። ባትሪው ገና አምስት ወሩ ነው። አንድ ጋራዥ ሳይፈታው «ሞተሪኖው አልቋል፣ ሌላ ግዢ» አለኝ። ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት የምታውቁ ምከሩኝ።

መልስ (የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ)
እህቴ፣ ድምፁን ለይተሽ ስሚው። ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ባትሪ ነው፣ ወይም የባትሪው ጫፍ ላልቷል፣ ዝጓል። ዝዝዝ ብሎ ሞተሪኖው በባዶ የሚሽከረከር ከሆነ ቤንዲክሱ (ትንሹን ጥርስ የያዘው የሞተሪኖው ክፍል) እየከዳ ነው። ክርርር ካለ ግን የሞተሪኖው ትንሽ ጥርስ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ትልቅ ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ጥርስ ጋር በደንብ አልገጠመም ማለት ነው።
ለማንኛውም ባትሪውን በቴስተር ለኪው። ሞተሩ ጠፍቶ ሲያድር 12.6 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። ሲነሳ ከ10 ቮልት በታች ከወረደ አዲስ ነው ብለሽ አትመኚው። ደካማ ባትሪ ጥርሱን እስከ መጨረሻው ገፍቶ አይይዘውም፣ እሱም ይፍቃል።

መልስ (የታክሲ ሹፌር፣ ጎንደር)
የኔም እንደዚሁ አድርጎኝ ነበር። ሲፍቅ ቁልፉን ደጋግመሽ አታዙሪ፣ ጥርሱን ትጨርሺዋለሽ። ይልቅ ይህን ሞክሪ። ሜዳ ቦታ ላይ ቁልፉን አጥፊና አውጪው። አራተኛ ማርሽ አስገቢ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቂ፣ መኪናውን ትንሽ አስገፊ። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ያዢ፣ ማርሹን አውጪና አስነሺ። ወዲያው ከተነሳ ችግሩ ሞተሪኖው ላይ ሳይሆን ቮላኖው ላይ ሊሆን ይችላል።
ሌላም አለ። ሞተሩ እንደተነሳ ቁልፉን ቶሎ ልቀቂ።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ ወንድሞቼ። ባትሪው 12.6 ነው፣ ሲነሳም 10.8 ላይ ይቆማል። የመግፋቱን ነገር ሦስቴ ሞከርኩት። ሦስቱንም ጊዜ እየፋቀ እምቢ ካለ በኋላ ትንሽ ገፋ ሲደረግ ቀጥ ብሎ ተነሳ!

መልስ (አንጋፋ መካኒክ፣ አዳማ)
ልጄ፣ እንግዲህ ነገሩ ወደ ቮላኖው ሄደ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ስታጠፊው የታመቀው አየር ይይዘውና ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ላይ ነው የሚቆመው፣ ትይዩ ቦታ። ሞተሪኖው ዓመት ከዓመት እነዚያኑ ጥርሶች ይነክሳል። የቀሩት እንደ አዲስ ሆነው እነዚያ ብቻ ያልቃሉ። አንዳንድ ቀን የሚነሳልሽ ሌላ ጥርስ ላይ ሲቆም ነው።
አሁን ሞተሪኖውን አስፈቺ። መጀመሪያ የባትሪው ነጌቲቭ ይነሳ። ከባትሪ ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ቁልፍ ቢጠፋም ኤሌክትሪክ አለው። መፍቻው እሱንና ሻንሲውን አንድ ላይ ከነካ እሳት ነው። ሳይፈታ ደግሞ ቡሎኖቹ መላላታቸውን በእጅ ያረጋግጡ። በላላ ቡሎን ሞተሪኖው ጋደል ብሎ ሲፍቅ ብዙ አይቻለሁ።
ከወጣ በኋላ በቀዳዳው በስልክ መብራት ቮላኖውን እዩ። ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ ሞተሩን በፑሌጊያው (ቺንጋው በሚዞርበት ክብ) ቡሎን ቀስ እያላችሁ አዙሩ፣ መነሻውን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ሙሉ ዙር ሳታዩ እንዳትተዉ። ደህናው ጥርስ ወፍራምና እኩል ነው። የተበላው ጫፉ ሾሎ፣ በአንድ በኩል ተገምጦ ያበራል። የሞተሪኖውንም ጥርስ እዩ። የተበላው እሱ ብቻ ከሆነ ቤንዲክሱን መቀየር ይበቃል።

መልስ (አባል፣ ባህር ዳር)
ጋሼ፣ ለቮላኖው ብላ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ከማውረድ ሞተሪኖ ቀይራ ብትሞክር አይሻልም? ካምቢዮ ማውረድ ብዙ ሥራ ነው።

መልስ (አንጋፋ መካኒክ፣ አዳማ)
አይሻልም። አዲስ ሞተሪኖ በተበላ ቮላኖ ላይ ስታስር አዲሱን ጥርስ ታስበላዋለህ። ሁለት ወጪ ነው።

ጠያቂ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ አጠገባቸው ቆሜ አስፈታሁ። አንዱ ቡሎን በእጅ ይዞር ነበር! ቮላኖው ላይ አራት ጣት የሚሆን ቦታ ጥርሱ ልክ እንደነገሩኝ ሾሎ ያበራል፣ ትይዩውም እንደዚያው። ሌላው ቦታ ደህና ነው። የሞተሪኖው ጥርስ ጫፉ ትንሽ ተላጠ እንጂ አልተበላም። ሞተሪኖው በሚገባበት ቤት ውስጥ ግሪሱ ላይ የብረት ብናኝ ነበር። መካኒኩ «በብየዳ እሞላዋለሁ» ይላል፤ ምን ይሉኛል?

መልስ (አንጋፋ መካኒክ፣ አዳማ)
ብየዳ አታስነኪው። የጥርሱ ልክ አይመጣም፣ ጥንካሬውም ይበላሻል። የጥርስ ቀለበቱ ከቮላኖው ተለይቶ የሚወጣ ነው። አዲስ ካገኘሽ እሱን አስገቢ። ካጣሽ የራሱን በእሳት እኩል አሙቀው ያውጡት፣ ሩብ ዙር አዙረው ይመልሱት። ሞተሩ ሲቆም ሞተሪኖው ፊት የሚገኘው ያልተነካው ጥርስ ይሆናል። ጠርዙ የተሞረደው ፊት ግን ወደ ሞተሪኖው ይሁን፣ እንዳይገለብጡት። ካምቢዮው ከወረደ አይቀር የፍሪሲዮኑን ሸራ እዩት፣ ካለቀ አብሮ ይቀየር። የሞተሪኖውን ቡሎኖችም በደንብ ያጥብቁ።

ጠያቂ
ቅዳሜ ይወርዳል። ቀለበቱን መለዋወጫ ሱቆች እየጠየቅኩ ነው። እስከዚያ እየገፋሁ እነዳለሁ።